ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት

ኤምቢኤ ልማር ወይስ ይቅርብኝ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ተማሪ። መልሴ ይኸው ነው፤ ማብራሪያው ግን ከመልሱ ይረዝማል።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በፋይናንስ ድርጅቶች የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ የብዙ ሴት ኃላፊዎችን ማህደር አገላብጫለሁ። ማስተርሱ መንገድ የከፈተላቸውን አውቃለሁ፤ ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው እዚያው ወንበር ላይ ጡረታ የደረሰባቸውንም አውቃለሁ። የለያቸው ጉብዝና ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ከክፍሉ ወንዱም ሴቷም እኩል ይወጣሉ፤ መለያየቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥር ዓመታት ነው። ስለዚህ የምጽፍልሽ በይበልጥ ስለነዚያ ዐሥር ዓመታት ነው። ቁጥር የሰጠሁት እየዘለልሽ እንድታነቢ ብዬ ነው፤ አምስተኛውን ግን እንዳትዘልዪው።

1. ዲግሪው የሚችለውንና የማይችለውን ለይተሽ እወቂ።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ጥናት የተሠራው በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ላይ ነው። የሠሩት ማሪያን ቤርትራንድ፣ ክላውዲያ ጎልዲንና ሎውረንስ ካትዝ የሚባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ናቸው፤ ጎልዲን እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሸለመችው ናት። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2006 ድረስ ኤምቢኤ የተቀበሉ ወንዶችንና ሴቶችን ገቢ ተከታተሉ። ሥራ ሲጀምሩ ሴቶቹ በዓመት በአማካይ 115 ሺህ ዶላር፣ ወንዶቹ 130 ሺህ ዶላር ያገኙ ነበር። ልዩነት አለ፤ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሴቶቹ 250 ሺህ ሲደርሱ ወንዶቹ 400 ሺህ ደርሰዋል። ያው ትምህርት ቤት፣ ያው መምህር፣ ያው ወረቀት።

ምክንያቱን ሲፈልጉ በዋናነት ሦስት ነገር አገኙ። ወንዶቹ የፋይናንስ ኮርሶችን አብዝተው ወስደው ነበር፤ የትምህርት ውጤታቸውም በመጠኑ ከፍ ይል ነበር። ሴቶቹ ሥራ አቋርጠው የቆዩበት ጊዜ ይበልጣል። በሳምንት የሚሠሩት ሰዓትም ያንሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው ከልጅ ጋር የተያያዙ ናቸው። የክፍተቱ ትልቁ ድርሻ በነዚህ በሦስቱ ይገለጻል።

እዚህ እኛ ዘንድ ደመወዝ በስኬል ነው፤ እርከኑ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ሴት ናት ተብሎ ከአንድ መደብ ላይ ደመወዝ የሚቀነስባት የለችም። ክፍተቱ የሚገባው በሌላ በር ነው። መደቡ ሲከፈት አንቺ የት ነበርሽ? ወሊድ ላይ? ሰው ሁሉ በሚረሳው ክፍል ውስጥ? የውስጥ ማስታወቂያው ሲለጠፍ የክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ ስለሆነ ባለቤቴ አይስማማም ብለሽ ሳትወዳደሪ ቀረሽ? በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕጉ ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካላቸው ተወዳዳሪዎች ለሴቷ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ላመለከተች ሴት ነው። እኔ በነበርኩባቸው ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነኝ ሴቷ መውደቋ ሳይሆን ስሟ ከዝርዝሩ ላይ አለመኖሩ ነበር።

2. ፋይናንሱን አትሽሺ።

በባንኮቻችን ሴት ኃላፊ የምትበዛው በደንበኞች አገልግሎት፣ በሰው ኃይልና በማርኬቲንግ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ሰው በብዛት የሚመጣው ግን ከብድር፣ ከትሬዠሪና ከዓለም አቀፍ ባንክ አገልግሎት ነው። የራሴን ክፍል ላንቋሽሽ አይደለም፤ አሳድጎኛል። ነገር ግን ስብሰባው ስለ ቅጣትና ስለ ዓመት ፈቃድ ሲሆን ሁሉም ወደ እኔ ይመለከት ነበር፤ ስለ ብድር ጣሪያ ሲሆን ፊቱን ወደ ሌላ ያዞር ነበር። ጣሪያ ያለው ክፍል እንዲህ ነው፤ ተከብረሽ ትቀመጫለሽ፣ ግን ከዚያ በላይ አትወጪም።

ስለዚህ በአጠቃላይ ኤምቢኤና ፋይናንስ ላይ በሚያተኩረው መካከል ምርጫ ከሰጡሽ ሁለተኛውን ውሰጂ። ምርጫ ከሌለ ደግሞ ከተመራጭ ኮርሶች ውስጥ የሚያስፈራሽን ያዢ። «ሒሳብ አይሆንልኝም» የሚለውን ነገር ከወንድ ባልደረቦቼ አፍ ሰምቼው አላውቅም፤ ብዙዎቹ ባይሆንላቸውም።

ጊዜውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ባንኮቻችንን ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ አስገባቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ፤ በቀጣዩ ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። ይህ ሁሉ አዲስ ነው፤ የሃያ ዓመት ልምድ አለኝ የሚለው አለቃሽም እንዳንቺው ጀማሪ ነው። ቀድመውሽ የገቡት ያልያዙት ነገር በየቀኑ አይገኝም። የመሥሪያ ቤትሽን ዓመታዊ ሪፖርት ከኋላ ካሉት የሒሳብ ማብራሪያዎች ጀምረሽ አንብቢ፤ የሊቀ መንበሩ መልእክት ይቆይልሻል። ለተበላሸ ብድር የተያዘው መጠባበቂያ ለምን ጨመረ ብሎ መጠየቅ የሚችል የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ስንት ይመስልሻል?

3. እችላለሁ ለማለት ብለሽ አትማሪ።

በብሪታንያ የኤምቢኤ ተመራቂ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሴቶቹ ከትምህርቱ አገኘን ከሚሉት ነገር ውስጥ በራስ መተማመንና ተሰሚነት ከፊት እንደሚሰለፉ ያሳያሉ። ወንዶቹ ይበልጥ የሚያነሱት ደመወዝና ማዕረግን ነው። መተማመን ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንቺ ቅርንጫፍ እየመራሽ፣ ሠላሳ ሰው እያስተዳደርሽ፣ «አሁን ማስተርስ ስይዝ ይሰሙኛል» ካልሽ ያለሽን ነገር ለመግዛት ተሰልፈሻል ማለት ነው። ለመማር ምክንያትሽ የማታውቂው ነገር ይሁን።

 

አንድ ነገር ልጨምር። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለመግባት የሚቸኩሉ ልጆችን ካየሽ ያዝ አድርጊያቸው። ሰው ቀጥሮ፣ ሰው ቀጥቶ፣ በጀት ተነጥቆ የማያውቅ ሰው የኤምቢኤ ክፍል ውስጥ የሚማረው ስም ነው። አንቺ አራት ዓመት መሥራትሽ ለዚህ ጠቅሞሻል።

4. የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ከመደርደሪያው ላይ አታንሺ።

የኮሌጆቻችንን ቤተ መጻሕፍት ያየ ሰው ያውቀዋል። «የማበረታቻ ሥርዓት በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ በእገሌ ባንክ»። ከጎኑ፦ «የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ በእገሊት ባንክ»። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የተደረደረ መጠይቅ ለሥራ ባልደረቦች ይበተናል፤ እነሱም ምሳ ከመውጣታቸው በፊት ያለ ንባብ መሐል መሐሉን ያከብቡታል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተጽዕኖ አለ ይላል፤ ዲፌንስ ይደረጋል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ጽሑፉ ተጠርዞ ይቀመጣል። ገንዘብ ከፍለሽ የሚጽፍልሽ ሰው እንዳለም ይነግሩሻል። እሱን ከፈለግሽ ይህን ደብዳቤ እዚህ ላይ አቁሚው።

መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ አለቆችሽን የሚያንገበግብ አንድ ጥያቄ አለ። የትኛው ብድር ነው በሁለተኛው ዓመት የሚበላሸው? ሴት ተበዳሪዎች ለምን ከቁጠባ ሒሳብ አልፈው ወደ ብድር አይመጡም? የእናት ባንክን ጉዳይ አስቢ፤ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 11 ሴቶች ጠንስሰውት ነው፤ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስትና የሚሆን ገንዘብ የሚሰበሰብበትን መንገድ ያበጀውም የመያዣን ጥያቄ ከምር ስለያዘው ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ያዢ። መረጃው በእጅሽ ነው፤ ከሌላ የሚመጣ ተማሪ ደብዳቤ ይዞ ለወራት የሚለምነውን ፋይል አንቺ በፈቃድ ታገኚዋለሽ። ሲያልቅ መቶውን ገጽ ሳይሆን ሦስት ገጽ ጽፈሽ ለሚመለከተው ምክትል ፕሬዚዳንት ላኪው። ከዚያ በኋላ ችግሩ ሲነሳ ስምሽ አብሮ ይነሳል። ከኮሚቴ ወንበሬ ሆኜ እንዳየሁት ከዲግሪው ይልቅ ለዕድገት የሠራው ይህ ሦስት ገጽ ነው፤ ግን የሚልከው ሰው ጥቂት ነው፣ ከጥቂቱም ሴቶቹ ያነሱ ናቸው።

5. ከመመዝገብሽ በፊት ከባልሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ካላገባሽም ከማግባትሽ በፊት።

ሕጉ ከእናቶቻችን ዘመን ወዲህ ብዙ ተራምዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ የበላይ ያደርግ ነበር፤ አንደኛው የትዳር ጓደኛም ለቤተሰቡ ጥቅም ብሎ የሌላውን ሥራ ሊቃወም ይችል ነበር። የሚቃወመው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አነሳው፤ የጋራ ንብረትንም ሁለቱ በእኩል እንዲያስተዳድሩ አደረገ። ተመራማሪዎች ሕጉ ቀድሞ ተግባራዊ የሆነባቸውን አካባቢዎች ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሴቶች ከቤት ውጭ፣ ሙሉ ጊዜና ከፍ ያለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ ላይ የመሰማራታቸው ዕድል ጨምሮ አግኝተውታል። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ኑሮ አይለውጥም ለሚሉሽ ይህን ንገሪያቸው።

ሕግ ግን እራት አይሠራም። አሁን በሥራ ላይ ያለውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተመልከቺ። ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጣል፤ በፊተኛው አዋጅ የድኅረ ወሊዱ 60 ብቻ ስለነበር ትልቅ እመርታ ነው። ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ልጁ የማን ሥራ እንደሆነ አዋጁ ራሱ ተናግሯል። ሦስት ቀን ክርስትና ለማስነሳት ቀርቶ ገንፎ ለመብላት ለሚመጣ ዘመድ ወንበር ለመከራየትም አይበቃም።

የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የራሳቸውን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሴቶቹ ልጅ ሲወልዱ ሥራ ትተው ይገባሉ የሚባለው ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ ልጅ ለማሳደግ ብለው ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ የነበሩት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌላ ነገር ግን ተገኘ። ሲመረቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወንዶች ከሚስቴ ሥራ የእኔ ሥራ ይቀድማል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ልጅ የማሳደጉን ትልቁን ድርሻ ሚስቴ ትይዛለች ያሉትም ከአራቱ ሦስቱ ያህል ናቸው። ሴቶቹ በብዛት የጠበቁት እኩልነትን ነበር። በኋላ የሆነው በአብዛኛው ወንዶቹ የጠበቁት ነው።

አንቺ ስለ እኩልነት በጠቅላላው አትነጋገሪ፤ በጠቅላላው ሁሉም ወንድ ይስማማል። በሰዓት ተነጋገሪ። ትምህርቱ ከቀኑ 11:30 ተጀምሮ ከምሽቱ 2:30 ያልቃል እንበል። በእነዚያ ቀናት ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ማን ነው? የቤት ሠራተኛዋ ለፋሲካ አገሯ ሄዳ ብትቀር የማን ሥራ ነው የሚቋረጠው? ማታ ከካምፓስ እስከ ቤት የምትመጪበት የራይድ ሒሳብ ከየትኛው ኪስ ነው? የፈተና ሳምንት ላይ ለቅሶ ቢመጣስ? ለቅሶ ያልደረሰች ሴት ስሟ ለዓመት ይነሳል፤ ያልደረሰ ወንድ ሥራ በዝቶበት ነው ይባላል። ስለዚህ በሁለታችሁ ስም እሱ እንዲደርስ አሁኑኑ ተስማሙ። ዕድርተኛው መጀመሪያ ያወራል፤ ቆይቶ ይለምዳል።

የሞግዚቷን ደመወዝ ደግሞ ከአንቺ ደመወዝ ላይ ብቻ ቀንሰሽ «ለሷ ከከፈልኩማ ምን ቀረኝ» አትበይ። ብዙ ጎበዝ ሴት በዚህ ሒሳብ ተሸንፋ ቤት ገብታለች። ልጁ የሁለታችሁ ነው፤ ወጪው ከሁለታችሁ ገቢ ላይ ይታሰብ። ደግሞም ዘንድሮ የሚቀርብሽን ብቻ ሳይሆን ከዐሥር ዓመት በኋላ የምትደርሺበትን እርከን አስቢ። በቺካጎው ጥናት ከወለዱ በኋላ ሥራቸውን አብዝተው የቀነሱት ባሎቻቸው ብዙ የሚያገኙት ሴቶች ናቸው። ቤቱ ገንዘብ ስላልጎደለው የሷ ሥራ እንደ ትርፍ ነገር ታየ። ባልሽ ሲሳካለት ደስ ይበልሽ፤ ግን «አንቺ ምን ቸገረሽ» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሚመጣ ጠብቂው።

እናትሽ ወይም አማትሽ ልጅ የሚይዙልሽ ከሆነ ደግሞ አመስግኚያቸው፤ ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር አድርገሽ አትውሰጂው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሌላት ሴት ስንት እንደምትከፍል አስቢ።

ትምህርቱን ከእርግዝና በፊት ላድርገው ወይስ በኋላ ላልሽው፣ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ከቻልሽ የኮርሱን ዓመት ከልጅ በፊት ጨርሺ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሕፃን አቅፎም ይጻፋል፣ የማታ ክፍል ግን ጡት ከምትሰጭበት ጋር አይስማማም። ዕቅድ ካልሠራ ደግሞ አንድ ሴሚስተር በጽሑፍ አስፈቅደሽ አቋርጪ፤ ሳትናገሪ የጠፋሽ ቀን ነው ነገሩ የሚበላሸው።

6. ገንዘብ ጠይቂ፤ አጠያየቁን ግን እወቂበት።

ሊንዳ ባብኮክ የምትባል የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ምሁር የራሷን ትምህርት ቤት የማስተርስ ተመራቂዎች ስትመረምር፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የተደራደሩት ወንዶች 57 በመቶ፣ ሴቶች 7 በመቶ ሆነው አገኘቻቸው። ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲህ ሴቶች ጠይቁ» ብሎ ይመክራል። ምክሩ ግማሽ ነው። እሷ ራሷ ከሌሎች ጋር ሆና በኋላ ባደረገችው ሙከራ፣ ደመወዝ የጠየቀች ሴት ከጠየቀ ወንድ የበለጠ እንደምትጠላ ታየ። በኮሎምቢያ ቢዝነስ ትምህርት ቤትም የአንዲት ባለሀብት ሴት ታሪክ ለግማሾቹ ተማሪዎች ሃይዲ በሚለው ስሟ፣ ለግማሾቹ ሃዋርድ በሚል የወንድ ስም ተሰጣቸው። ሁለቱንም ችሎታ አላቸው አሉ፤ አብረው መሥራት የፈለጉት ግን ከሃዋርድ ጋር ነበር።

ይህ የሚያናድድ ነው፤ ተናደጂና እለፊው። በእኛ ቢሮ የሚያዋጣው ፊት ለፊት «ይገባኛል» ከማለት ይልቅ በወረቀት መሄድ ነው። የደመወዝ ስኬሉን፣ የመደቡን መግለጫና ያንቺን የሁለት ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና አያይዘሽ፣ «ከዚህ መደብ ጋር በሚመጥን እርከን እንድመደብ» ብለሽ ጻፊ። ወረቀት ፊት የለውም፤ የሚቆጡት ሰው አጥተው ይፈርሙበታል። በግል ድርጅት ከሆንሽ ደግሞ ጥያቄሽን በክፍሉ ሥራ በኩል አምጪው፤ ክፍሉ ምን ያህል እንዳመጣ አሳይተሽ ድርሻሽን ጠይቂ። አጎንባሽ ሁኚ ማለቴ አይደለም። ሰላም ብለሽ፣ ፈገግ ብለሽ፣ ግን ቁጥሩን ሳትቀንሺ። እትዬ ምን ነካት ትይኝ ይሆናል፤ እኔ የማውቀው ያዋጣውን ነው።

7. ክፍል ውስጥ ጸሐፊ አትሁኚ።

የቡድን ሥራ ሲሰጥ ማስታወሻ መያዝ፣ ማተም፣ ማስጠረዝና ሻይ ማዘዝ ወደ ሴቷ ይመጣል፤ ማቅረቡ ወደ ወንዱ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ቀን «እኔ አቀርባለሁ» በይ።

በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ ኤምቢኤ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚመኙትን ደመወዝ እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። መልሳቸውን የክፍል ጓደኞቻቸው እንደሚያዩት ሲነገራቸው፣ ያላገቡ ሴቶች የሚፈልጉትን በ18 ሺህ ዶላር ዝቅ አድርገው ጻፉ። በፈተና ካገቡት ሴቶች አያንሱም፤ በክፍል ተሳትፎ ግን ያነሰ ውጤት ነበራቸው። ወንዶቹ እንዳይሸሿቸው ብለው ነው። አንቺም ያላገባሽ ከሆንሽ በግልጽ ልንገርሽ፤ በክፍል ውስጥ እጅሽን ስላወጣሽ የሚሸሽሽ ሰው፣ አግብተሽው ቢሆን ስትሾሚ ይሸሽሽ ነበር።

የክፍል ጓደኞችሽ ከትምህርቱ ያላነሰ ዋጋ አላቸው። በማታው ክፍል ከጉምሩክ፣ ከኢትዮ ቴሌኮም፣ ከአየር መንገድ፣ ከዕርዳታ ድርጅቶች የመጣ ሰው ይቀመጣል። ከሁሉም ጋር ተዋወቂ። በኤምቢኤ ተመራቂዎች የግንኙነት መረብ ላይ በአሜሪካ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ ለወንዱ የሚበቃው ሰፊ ትውውቅ ለሴቷ ብቻውን እንደማይበቃት አሳይቷል። ትልቅ ኃላፊነት ያገኙት ሴቶች ከሰፊው ትውውቅ በተጨማሪ የቅርብ የሴቶች ስብስብ ነበራቸው፤ እያንዳንዷም በበኩሏ ሌሎቹ የማያውቋቸውን ሰዎች የምታውቅ ነበረች። የትኛው አለቃ ሴት እንደማይሾም፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ከወሊድ ስትመለሺ ወንበርሽን እንደሚያስረክብሽ በማስታወቂያ አይወጣም፤ የሚነገረው እንዲህ ባለ ስብስብ ውስጥ ነው። ወር እየጠበቃችሁ የምትገናኙበት አራት አምስት ሴት ያዢ፤ ሁላችሁም ከአንድ ባንክ አትሁኑ።

ከነሱ በላይ ደግሞ አንድ የምትፈልጊው ሰው አለ። የሚመክር ሰው ለሴት አይጠፋም፤ እንዲያውም ይበዛባታል። የሚጎድላት በሌለችበት ስብሰባ ስሟን የሚጠራላት ነው። መካሪ ሰው ባል እንዴት እንደሚገኝ ያስተምራል፤ ሽማግሌ ግን ተነስቶ ሄዶ ይጠይቃል። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሥራሽን አይቶ ካልሆነ አታገኚውም፤ ያ ሦስት ገጽ ለማን እንደሚላክ የምታስቢውም ለዚህ ነው።

8. መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልልሽ ከሆነ የግዴታ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አንብቢ።

ከምርቃት በኋላ ስንት ዓመት አገልግይ ይላል? ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው ከመቼ ነው? የወሊድ ፈቃድሽ ከግዴታው ጊዜ ላይ ይታሰባል ወይስ ይገፋል? ብትለቂ የምትከፍይው የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ነው ወይስ ደመወዝንም ይጨምራል? ዋስ የምትጠሪውን ሰውም ደኅና አድርገሽ አስረጂው። ግዴታው ራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ የከፈለብሽ ድርጅት ካንቺ ነገር ይጠብቃል፣ ይህም ለዕድገት ይጠቅማል። ይሁንና ውሉ መሥሪያ ቤቱ ከምርቃት በኋላ ምን እንደሚያደርግልሽ አንድም ቃል አይናገርም። እሱን ያስጻፈች ሴት አላየሁም። ሞክሪው።

9. ወረቀቱን ማህደርሽ ውስጥ አስገቢ።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ማስታወቂያው በሚዘጋበት ቀን በግል ማህደርሽ ውስጥ የሌለ ዲግሪ ለኮሚቴው የለም። ከተመረቅሽ በኋላ ዋናው እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ጊዜያዊውን ያዢና በዚያው ሳምንት አስገቢ። የመጀመሪያ ዲግሪሽ የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብሽ አሁኑኑ ክፈይና ጨርሺ፤ ዋናውን ማስረጃ ያስይዝብሻል። ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ጠይቂ። የማስገቢያ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጂ፤ አንደኛው ላይ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን እንዲያሰፍርበት አድርጊና ቤትሽ አስቀምጪው፤ ማህደር ይጠፋል፣ በተለይ ሹመት ሲቃረብ።